ዳዊት ይዞ ላቲን መማር

የግዕዝ ተመራማሪ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመሳክርበት መዝገበ ቃላት አውጉስት ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ላይፕሲግ ላይ ያሳተመው ነው። እያንዳንዱን ቃል ከመጻሕፍት ምስክር እየጠቀሰ ያብራራል፤ ፍቺውን የሚሰጠው ግን በላቲን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የኢዮብ ሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በላቲን ነው። ሉዶልፍ በ1681 ያወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ። ስለ እኛ የተጻፈ፣ ከእኛው ሰው አፍ የተቀዳ፣ እኛ ግን በቀጥታ የማናነበው ብዙ ነገር በዚህ ቋንቋ ተቀምጧል። (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላቲን የጀመርኩት ለዚህ ነው። ዳዊትን በልጅነቴ ደግሜ፣ ቅኔን በወጣትነቴ ዋሸራ ቆጥሬ፣ ዛሬ አዋሽ ሰባት ኪሎ አስተምራለሁ፤ የልጆች አባት ነኝ። በዚህ ዕድሜ፣ በገበያ የማይነገር ቋንቋ የሚጀምር ሰው ሁለት ነገር ይባላል፦ ጊዜ የለህም፣ አእምሮህም እንደ ልጅ አይቀበልም። ለሁለቱም መልስ ያገኘሁት ከታሪክ ነው። ግዕዝንና ላቲንን ያገናኙት ሰዎች ጎልማሶች ነበሩ። የተማሩበት መንገድም እኛ በጉባኤ ቤት ከምናውቀው ብዙ አይርቅም። ጎልማሳ ባዶ እጁን አይመጣም። በቃሉ የያዘው መጽሐፍ አለው፤ አዲሱን ቋንቋ በዚያ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ፣ ድምፁን አውጥቶ፣ ከጓደኛ ጋር ሲማረው ይጸናለታል።

የመጀመሪያው ምስክሬ ዮሐንስ ፖትከን ነው። የጀርመን ካህን ነው፤ በ1511 ሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን አላወቀውም፤ የከለዳውያን መሰለው። ከዜማው መካከል ግን የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ለይቶ ያዘ። ጆሮው ያንን ከያዘለት በኋላ መምህር ፈለገ፤ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አገኘ። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሮም ላይ ታተመ፤ በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ እሱ ነው። በ1518 ደግሞ ፖትከን ኮሎኝ ላይ ዳዊትን በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በግዕዝና በላቲን ጎን ለጎን አሳተመ።

ከመጻሕፍት ሁሉ ዳዊት መመረጡ ትርጉም አለው። ለሮም ካህንም ለኢትዮጵያ መነኩሴም የዕለት ጸሎቱ ዳዊት ነው፤ አንዱ በላቲን፣ ሌላው በግዕዝ ከልጅነት ጀምሮ ሲደግመው ኖሯል። መምህሩ ቁጥሩን ሲያነብ ተማሪው ምን እየተባለ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። የሚቀረው ሐሳቡ በአዲሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚገለጥ ማየት ብቻ ነው።

እኔም የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ስይዝ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ዳዊት ነው። እዚያ ያገኘሁት ነገር አስደሰተኝ፦ የላቲኑ ዳዊት አቆጣጠር እንደ ግዕዛችን ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም የመጣ ነው። ስለዚህ የእረኛው መዝሙር በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23ኛ ቢሆንም በግዕዝና በላቲን 22ኛ ነው። የጠዋት ዳዊቴን በግዕዝ እደግማለሁ፤ ያንኑ መዝሙር ወዲያው በላቲን አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መዝገበ ቃላትን ሳይሆን ግዕዙን ነው። ከዘጠኝ ጊዜ ስምንቱን ግዕዙ ይነግረኛል ብል አላጋነንኩም።

ሰዋስዉም ቢሆን የሚፈራውን ያህል ባዕድ አይደለም። ላቲን የሚጀምር ሰው የሚደናገጠው ስም በየአገባቡ መጨረሻውን ስለሚለውጥ ነው። ‘ንጉሥ መጣ’ ሲል ሬክስ ያለውን፣ ‘ንጉሥን አየ’ ሲል ሬጌም ይለዋል። የቅኔ ቤት ልጅ ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ በግዕዝ ‘ንጉሥ’ ተሳቢ ሲሆን ‘ንጉሠ’ እንደሚል ያውቃል። ቅኔ ቤት ያልገባውም አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ‘ን’ የምትባለውን ምልክት በየቀኑ ይጠቀምባታል። የአረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ መምጣቱ፣ ሌሎችን ብዙ የሚያስቸግረው፣ ለእኛ የእናት ቋንቋችን ልማድ ነው።

ድምፅን በተመለከተ የንባብ ቤቱ ሥርዓት ይበልጥብኛል። የንባብ ቤት ልጅ አንድን ገጽ አንብቦ አያልፈውም። መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ ፊደል በፊደል እያዜመ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ ፊደሉን ከፊደል፣ ቃሉን ከቃል ያያይዛል፤ ከዚያ በቁም ንባብ እንደሚናገር ሰው ያነበዋል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ የቃሉ ድምፅ እየተለየ ጆሮው ይገራል፤ የኔታ ከጥግ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል፤ ተነሹን ወዳቂ ካደረገው ያስመልሱታል። ላቲንም ይህን ዓይነት ጆሮ ይፈልጋል። ከመጨረሻው የቀደመው ክፍለ ቃል ረጅም ከሆነ ድምፁ እዚያ ላይ ይነሣል፤ አጭር ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ‘አማሬ’ ሲባል መካከለኛው፣ ‘ሬጌሬ’ ሲባል የመጀመሪያው ይነሣል። እኔ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ፣ በሦስቱ የንባብ ዓይነቶች አነበዋለሁ፤ በሦስተኛው ላይ ትርጉሙ ከድምፁ ጋር አብሮ ይመጣል። በዝምታ በዓይን ብቻ ያለፍኩት ገጽ ግን በማግስቱ ከእኔ ጋር አይገኝም።

የላቲን ነገር በአገራችን መልካም ስም ይዞ እንዳልገባ መሸሸግ አይገባም። በ1625 ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝና ኢየሱሳውያን ባልደረቦቹ ቀይ ባሕር ዳር ቤይሉል ላይ ወርደው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ትግራይ ወጡ። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች ወደ አፄ ሱስንዮስ ለመድረስ የመረጡት በአፋሮች አገር ማለፍን ነበር። ከተጓዦቹ አንዱ የነበረው ዠሮኒሞ ሎቦ የዚያን መንገድ ውሃ ጥምና የጨው ሜዳ ጽፎ ትቶልናል። በ1626 ንጉሡ ለሮም ታማኝ ለመሆን በአደባባይ ማሉ። ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡም እንደገና እንዲጠመቅ ተጠየቀ፤ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላቲኑ እንዲጠጋ ተገደደ። አገሩ በጦርነት ታመሰ። በ1632 ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ከዚያ በኋላ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ዋሸራ ያስተማሩኝ የኔታ ላቲን ሲባል ወዲያው የሚያነሡት ያንን ዘመን ነበር። እውነት አላቸው፤ በግድ የመጣ ነገር ለትውልድ ይጠረጠራል። እኔ ግን ቋንቋውንና በቋንቋው የተሠራውን በደል ለይቼ ማየት እንዳለብኝ ያስተማረኝ ያው ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ ጥፋት መካከል አንድ ትልቅ ወዳጅነት ወጥቷል።

አባ ጎርጎርዮስ ከአምሐራ አገር፣ ከመካነ ሥላሴ የተነሣ ካህን ነው። ከኢየሱሳውያን ጋር ቀርቦ ስለነበር እነሱ ሲባረሩ እሱም አገሩን ለቀቀ፤ ሮም ደርሶ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ተቀመጠ። ከመቶ ዓመት በፊት እዚያው ገዳም የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን ተቀምጦ ነበር፤ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመ፣ ቅዳሴያችንንም በላቲን ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሰው። በ1649 ወደዚህ ገዳም የኤርፉርቱ ተወላጅ ኢዮብ ሉዶልፍ መጣ።

ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ለብቻው ጀምሮ ነበር፤ ሲነገር ሰምቶት አያውቅም። ጎርጎርዮስም ግዕዝን ለጸሎትና ለንባብ እንጂ ለጨዋታ አልለመደውም። ሁለቱ ቀስ በቀስ የሚግባቡበት ቋንቋ ያደረጉት ይህንኑ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራው፤ እዚያ ሉዶልፍ ስለ አገሩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ አማርኛው ሲጠይቀው፣ እሱም ሲመልስለት ሰነበቱ። ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀረ። ሉዶልፍ ከእሱ የሰማውን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሠራ፤ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ ውስጥ የወዳጁን ምስል አስቀረጸ፤ በ1701፣ ሊሞት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ዳዊትን በግዕዝና በላቲን አሳተመ። የእሱም ሥራ መጨረሻ ወደ ዳዊት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ለጎልማሳ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ይገኛል። ሉዶልፍ ብዙ ቋንቋ የቻለ ሰው ነበር፤ ግዕዙን ግን የከፈተለት የሰው ፊት ነው። መጽሐፍ አይጠይቅም፤ ሰው ይጠይቃል። የተማርከውን ለሌላ ሰው መልሰህ መናገር እንዳለብህ ስታውቅ አነባበብህ ይለወጣል።

በእኛ በአዋሽ ሸለቆ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አፋሮች ናቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ከብቶች እንዴት እንደሆኑ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደመጣ በዝርዝር ይነጋገራሉ። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ብለህ ትለያለህ፤ መጨመርና መቀነስ ነውር ነው። የሰማው ሰው ቀጥሎ ለሚያገኘው ስለሚያደርስ ቃሉን በጥንቃቄ ይይዛል።

ሰመራ የሚኖር አንድ አፋር ወዳጅ አለኝ፤ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። ወደ ላቲን የሳበው ሥራው ነው። ሐዳር ላይ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ በ1978 ‘አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ’ ተብላ ተሰየመች። አራሚስ ላይ የተገኘው ‘አርዲፒቴከስ ራሚደስ’፣ ቡሪ ላይ የተገኘው ‘አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ’ም ከእሱ ቋንቋ የተወሰዱ ቃላት አሉባቸው። እነዚህን ስሞች ለተማሪዎቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሥርዓታቸውን ማወቅ ፈለገ። ፊደሉ አላስቸገረውም፤ አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና።

ይህ ወዳጄ በልጅነቱ አሳይታ ላይ ቁርኣን ቀርቷል። የሚነግረኝ የትምህርት ሥርዓት ከእኔው ጋር ወንድማማች ነው። ልጁ የዕለት ድርሻውን በእንጨት ሉህ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስኪሸመድደው ይደጋግመዋል፤ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ ካለፈ በኋላ ብቻ ሉሁ ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፍበታል። ያልተያዘ ነገር አይታጠብም። ይህን ሕግ ከእሱ ወስጄዋለሁ። የልጆቼ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ የቀኑን የላቲን ቁጥር እጽፍባታለሁ፤ ሳላይ እስክደግመው አይጠፋም። አንዳንዱ ቁጥር በዕለቱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ሰንበት አልፎም ይቆያል፤ ልጆቼም እያለፉ ያነቡታል። ድርሻው ትንሽ ነው፤ ግን ምንም ያልተያዘ ነገር ወደ ኋላ አይቀርም።

ወዳጄም የራሱ ዳዊት ተገኝቶለታል። ሉዶቪኮ ማራቺ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስ በ1698 ፓዱዋ ላይ ቁርኣንን ከዐረብኛው ጋር በላቲን ተርጉሞ አሳትሟል። መጽሐፉ የተጻፈው ለመከራከር ነው፤ ወዳጄ ይህን እያወቀ ትርጉሙን ብቻ ይከተላል፤ ምክንያቱም ዐረብኛው በልቡ አለ። ማታ ማታ ስልክ ደውለን የቀኑን ድርሻ እንነጋገራለን፤ እንደ ዳጉ። አንድ አገባብ ስነግረው “ይህን አየኸው ወይስ ሰማኸው?” ይለኛል፤ ከራሱ ከጽሑፉ ነው ወይስ ከሰዋስው መጽሐፍ ማለቱ ነው። “ሰማሁት” ካልኩት “እንግዲያው ነገ አይተኸው ና” ይለኛል። ከዚህ የተሻለ የጥናት ደንብ አላውቅም። ሰዋስው ላይ የሰማሁትን ሕግ በዳዊት ውስጥ እስካላየሁት ድረስ የእኔ አላደርገውም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። አዋሽም ሰመራም የቀኑ ሙቀት አእምሮ አያሠራም፤ ሰመራማ ይብሳል። ስለዚህ ጥናቱ ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ አዲሱን ድርሻ የምይዘው በዚያን ጊዜ ነው። ሲመሽ አዲስ ነገር አልጀምርም፤ እከልሳለሁ። ቅኔ ቤትም ማታ የቅጸላ ሰዓት ነው፤ ተማሪው የያዘውን ቀለም በጨለማ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ይወርደዋል። ጨለማው ራሱ ይረዳል፤ ወደ ገጹ መመለስ ስለማይቻል ያለው መንገድ ማስታወስ ብቻ ነው።

ከሥርዓቶቻችን ሁሉ ለላቲን የጠቀመኝ ግን ግስ ማውረድ ነው። የቅኔ ተማሪ ‘አፍቀረ ወደደ፣ ያፈቅር ይወዳል፣ ያፍቅር ይወድ ዘንድ፣ ያፍቅር ይውደድ’ ብሎ አራቱን አንቀጽ ከነፍቺው ይወርዳል። አርእስተ ግስ የሚባሉትን ስምንቱን፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ ብሎ ከያዘ፣ ሌላውን ግስ ሁሉ በየወገኑ ይመድባል። ላቲንም አራት ዋና ቅርጾችን በቃል ማወቅን ይጠይቃል፦ ‘አሞ፣ አማሬ፣ አማዊ፣ አማቱም’፤ እወዳለሁ፣ መውደድ፣ ወደድሁ፣ አራተኛውም ለተደራጊው ግስ መነሻ የሚሆነው። የግስ ወገኖቹም አራት ናቸው። እኔ የላቲኑን ግስ በቅኔ ቤት ዜማ እወርደዋለሁ። በሠንጠረዥ ሳየው የሚምታታብኝ በዜማ ሲወርድ መልክ ይይዛል፤ አንዱ ቅርጽ ሌላውን ይጠራዋል።

ይህን ስል የማስበው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ነው። ከሸዋ ወጥተው ለረጅም ዘመን ኢየሩሳሌም ተቀምጠው፣ በጎልማሳነታቸው ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛ ተምረው ግዕዝን ከእኅቶቹ ጋር ያመሳከሩ ሊቅ ናቸው። የመዝገበ ቃላቱን ሥራ የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ቀጠሉት፤ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሳተሙት። አለቃና ተማሪያቸው ድሬዳዋ ላይ አብረው ሠርተዋል።  ሦስት ሰው በየተራ የያዘውን ሥራ ሳስብ፣ ጎልማሳ ጊዜ የለውም የሚለው ነገር ይቀልብኛል፤ ትምህርት በአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ አይለካም።

መሐል ላይ ለሚደክመው ደግሞ ሄሮኒሞስ አለለት። የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ለትውልድ ያቆየው ይህ አባት በላቲን አፉን የፈታ፣ ግሪክም የተማረ ሰው ነው፤ ዕብራይስጥን ግን የጀመረው በጎልማሳነቱ፣ በሶርያ በረሃ፣ ከአይሁድ ወገን ከሆነ መምህር ነው። ድካሙን አልደበቀም፤ ስንት ጊዜ ተስፋ እንደቆረጠ፣ ስንት ጊዜ እንደተወውና እንደገና እንደጀመረው በደብዳቤው ጽፏል። ሥራው ግን ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲነበብ ኖሯል። ስለዚህ ማቋረጥ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ካቋረጡበት ቁጥር ላይ መልሶ መያዝ ነው ቁም ነገሩ።

በአገራችን ግዕዝ በጉባኤ ቤትም በዩኒቨርሲቲም ይሰጣል፤ ዐረብኛም በየመድረሳው አለ። ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ጎልማሳ ላቲን ለመማር የሚያስፈልገውን ከባዱን ነገር አስቀድሞ ይዞታል፤ የሰለጠነ ጆሮ፣ የለመደ የማስታወስ ችሎታ፣ በልቡ የሰፈረ መጽሐፍ። የጎደለው መንገዱን የሚያሳየው ሰውና አብሮት የሚወርድ ጓደኛ ነው። የሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የየአድባራቱ ጉባኤ ቤቶች ላቲንን ለሚፈልጉ ጎልማሶች፣ ከዳዊት ወይም ከቁርኣን ጀምረው፣ በእኛው ሥርዓት ቢያስተምሩ፣ ዲልማንንና ሉዶልፍን በገዛ ዓይናቸው የሚያነቡ፣ የተሳተውን የሚያርሙ፣ ያልተተረጎመውን ወደ አማርኛና ወደ አፋርኛ የሚመልሱ ሰዎች በአንድ ትውልድ ውስጥ ይገኛሉ። ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የነገረው የአገራችን ታሪክ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በላቲን ተቀምጧል፤ እሱን መልሶ በአማርኛ ማስነገር የእኛ ድርሻ ነው።